አራት ጊዜ የተሰፋ ጠርዝ

አያ ባዘዘው መጣ፣ የሞጣ ገበያ ሲሟሟቅ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት በር ሲጠብቅ
የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ፣ ባለፈው ሐምሌ ላይ።
“ስፋልኝ” አለ “ባንዲራ፤ ለቤቴ፣ ከደጄ በላይ።”

የተዘጋጀ አለኝ ብዬ፣ የሚያብረቀርቀውን ዘረጋሁለት።
አልሳቀም። ምራቁን እንትፍ ብሎ ጠርዙን ፈተገበት፤
አረንጓዴው አውራ ጣቱ ላይ ቀረ።
ክር መዘዘ፤ በክብሪት ለኮሰ፤
እንደ ፌስታል ሸተተ፣ ጠቁሮ ተንጠባጥቦ ፈሰሰ።
“ይሄ የሠርግ መኪና ጌጥ ነው፤ አንድ ቀን ይበቃዋል።
የኔ ቤት ጉብታ ላይ ነው፤ ነፋሱ ከጮቄ ይነሳል፣
ቆርቆሮ እንኳ ሚስማሩን ይረሳል።

“ባንዲራ ከየት እንደሚሞት ታውቃለህ?
ከመሐሉ እንዳይመስልህ።
ከእንጨቱ የራቀው ጫፍ ነው፣ ነፋስ እንደ ጅራፍ የሚያጮኸው፤
መጀመሪያ አንድ ክር ይላላል፤ ልብ ብሎም የሚያየው
የለም። ክረምት ሲጋመስ ቀዩ ይተለተላል።
መስከረም ላይ ልጆች ሲሰለፉ ግማሹ ብቻ ይውለበለባል።
ሠላሳ አንድ ክረምት አየሁት። ሠላሳ አንድ ክረምት በመርፌ
ማታ ማታ በኩራዝ ጠቀምኩት፣ ቀንሼ ከእንቅልፌ።”

ያኔ ትዝ አለኝ። ሣጥኔ ውስጥ፣ ከቁርጥራጩ በታች፣
እትዬ ትዋቡ የሰልባጅ ቦንዳ ስትፈታ ያገኘች፣
“ይሄን ማን ይለብሰዋል?” ብላ የሰጠችኝ፣
የአሜሪካ ባንዲራ።
ኮከቦቹ በክር የተጠለፉ፣ አንድ በአንድ፣ የትዕግሥት ሥራ፤
ሃምሳ ናቸው፤ ቆጥሬያለሁ፣ ደንበኛ በጠፋ ሰኞ።
ቀዩና ነጩ ለየብቻ ተቆርጦ፣
ጥሬው ጠርዝ በእጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጦ፤
በእንጨቱ በኩል ወፍራም ሸራ፣ ሁለት የነሐስ ቀለበት፤
በነፋሱ በኩል አራት ረድፍ ስፌት፣
ማዕዘኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የተመላለሰበት።
ማን ሰቅሎት እንደነበር እንጃ፣ በየትኛው በረንዳ፤
ዝናብ ቀምሷል፣ ፀሐይ አደብዝዞታል፤
ግን አንድ ክሩ አልተጎዳ።

አያ ባዘዘው መነጽሩን ሰክቶ ጠርዙን እንደ ዳዊት ደገመው።
“የሰፋው ሰው” አለ ቆይቶ “ነፋስ የሚያውቅ ነው።”

ሸራውን ልፈታለት፣ ቀለበቱን ልነቅልለት መቀስ ሳነሳ፣
መዳፉን እጄ ላይ ጣለ።
“ተው! የሰው ባንዲራ አይፈታም።
ስፌቱን ቅዳ። ጨርቅ ቢጣልም ባለቤት አያጣም።”

ሸራ ከአሮጌ አይሱዙ ልባስ ቆረጥኩ።
ቀለበቱን ራሱ አመጣ፣ ከአባቱ በቅሎ ልጓም፤
“ነሐስ ነው” አለ “እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ ገና አይዝግም።”
ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሲንጀሬ ሁለት መርፌ ሰበረ።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልቤ “ይበቃል” ብሎ ነበረ፤
አራተኛውን ማን ያየዋል?
ነፋስ ያየዋል።
እግሬን ወደ ፔዳሉ መለስኩ።
ዋጋውን ስነግረው አልተከራከረም፤
ሞጣ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም።

ክረምቱ ገባ። የመድኃኒት ቤቱ ታፔላ ወደቀ፣
የመናኸሪያው ጣሪያ ጥጉ ተቦጨቀ።
እኔም ሌሊት በነጎደ ቁጥር
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት
እያልኩ ረድፍ ስቆጥር።

ጳጉሜ ላይ፣ በጠዋት፣ ደጄ ላይ ቆመ፤ እርጥብ ጨርቅ ታቅፎ።
ሆዴ ባባ። ዘረጋሁት። ጫፉን በጣቴ ሄድኩበት፤
አራቱም ረድፍ አለ፤ አንድ ክር አልጠፋበት።
“ታዲያ ምን ሆነ?” አልኩት።
ሳቀ፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤
“ባሕር ዛፉ ነው እንጂ! ከወገቡ ተቀንጥሶ ወደቀ።
ነፋሱ አልተው ሲል፣ ያንተ ስፌት አልለቅም ሲል፣
ሁለቱ ሲጓተቱ የኔ እንጨት ከመሐል…”
አልጨረሰውም። ባንዲራውን ማሽኔ ላይ አሰጣና
ጥድ ሊጠይቅ ወጣ፣ ወደ እንጨት ተራ፣
እጁን እያወዛወዘ ገና።