ከክፍት ምንጭ የተቀዳ

ከድራቫ ወንዝ ማዶ፣ ከወይኑ ተረተር በታች፣
የእሳት አደጋዎቹ አዳራሽ ወንበር ደርድራ ሰው ጠበቀች።
ቀዩ መኪና ደጅ ወጥቷል፤ ቱቦው ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ፣
የኔዣም ሽቦ ከጠረጴዛዋ ጫፍ እንደ ሐረግ ተንጠልጥሎ።

ሦስት ሰው ነው ባንዱ ዛሬ፤ አምና አራት ነበሩ፤
ቦጎሚር ከነአኮርዲዮኑ፣ ሚልካ ከነክላርኔቷ፣ ያንጄ ከነጊታሩ።
ከበሮ መቺው ስላውኮ በጥር አፈር ለበሰ፤
ምቱ ግን በፋይል ቀርቶ እዚህ ምሽት ደረሰ።

የአዳራሹ ኮምፒዩተር ግን፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሩብ ሲቀረው፣
«ፈቃድዎ አልቋል፤ ይክፈሉ» ብሎ ከበሮውን ቆለፈው።
ለሞተ ሰው ምት ደግሞ
ኪራይ ይጠየቃል?

ኔዣ አልተሳደበችም። የራሷን አሮጌ ላፕቶፕ፣
ክዳኑ በፕላስተር የታሰረውን፣ ከፈተች።
ሊነክስ ነው። ማንም አልሸጠላት፣ እሷም አልገዛችው፤
አንዱ ሬሲፌ ላይ ቆፍሮት፣ አንዷ ኦሉ ላይ አጥርታው፣
ስማቸውን እንኳ ሳታውቅ ዐሥር ዓመት ጠጣችው።

«ይሠራል?» አለ ቦጎሚር፣ ማንገቻውን እያጠበቀ።
«ይሠራል» አለች፤ ወዲያው ድምፁ ሁለቴ ተሰነጠቀ።
ማቆያውን አሰፋችለት፣ ከስልሳ አራት ወደ መቶ ሃያ ስምንት፤
ስንጥቁ ዳነ፣ ምቱ ዘገየ፣ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰች ቅጽበት።

«አንድ፣ ሁለት» ሲል ስላውኮ ከድምፅ ማጉያው ቆጠረ፤
ፊት የተቀመጠችው ቶንቺካ፣ እጇ ቦርሳዋ ላይ ቀረ።

ሦስተኛው ዜማ ላይ ቦጎሚር ደከመውና ዘገየ፤
ከበሮው ግን የሞተ ሰው ነው፣ መች ዞሮ አየ?
ኔዣ ናት ጣቷን አስገብታ ፍጥነቱን በስሱ የያዘችው፣
ሙቱን በክንዱ ጎትታ ለሕያው ያስጠበቀችው።
ቀይዋ ነጥብ አልጠፋችም። አራቱንም ስትቀዳ አመሸች።

ሰው ሄዶ መኪናው ሲገባ፣ በማዳመጫ ሰማችው፤
በሁለት ዜማ መካከል፣ የስላውኮ ሳል፣
ከዚያም «በርቷል እንዴ?» የሚል።
ልትቆርጠው መቀሱን አነሳች፤
ተወችው።

ያንን ስንጥቅ የወለደውን ስህተት ሌሊቱን ስታስስ አደረች፤
አንድ መስመር ነበር። አርማ ወደ ምንጩ መለሰች።

ጠዋት ቶንቺካ መጣች፣ የዱባ ፍሬ ዘይት በጠርሙስ ይዛ።
«ሳሉንም ቀዳሽው?»
«ቀዳሁት።»
ጠርሙሱን ከሽቦው መሀል አስቀመጠች፤
«እንግዲያ ለእኔም ቅጂልኝ።»