የአባባ ሰማንያ

ኮምቦልቻ፣ ቀትር፣ እንድሪስ ጋራዥ ውስጥ፣
አንድ ጎማ ክሪክ ላይ፣ አንዱ መሬት ሲረግጥ፣
አንድ ጭረት ጎማዋ፣ አንድ ጭረት ካርዳኗ፤
የአባባ ሚሌቼንቶ ሊታይ ነው ሚዛኗ።

«ባንድ እግሯ ስትቆም ሁለት ዙር ነው አንድ፤
ቀስ አርገህ አዙራት፣ ቁጥር ችኩል አይወድ»
አለኝ እንድሪስ ይማም ከሥሯ ተኝቶ፣
ባትሪውን ሽቅብ ካርዳኗ ላይ አብርቶ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...
አምስት ሊሞላ ሲል፣ ጣት ሲቀረው ቆመ።
«ድገመው!» ደገምኩት፤ እሱም ያው ደገመ።

«መጽሐፏ ምን ይላል?»
«አራት ነጥብ ሦስት።»
«አንዱ ዋሽቷል እንግዲህ፤ ጎማ አያውቅም ሐሰት።»

ዘይቱን አፍስሰን፣ ጥርስ በጥርስ ጠርገነው፣
ኮሮናው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ፒኞኑ ስምንት ነው።
በካርቶን ቁራጭ ላይ አካፍሎ አካፍሎ፣
«ወገቧ የሌላ ነው» አለኝ ቀና ብሎ።

አባባ፣ ነፍሱን ይማር፣
ሐረጎን ሲወጣ፣ የሰው መኪና ፈልቶ፣
ረዳት ሲሯሯጥ ድንጋይ ለጎማ አንስቶ፣
እሱ ያልፍ ነበረ አንድ እጁን አውጥቶ።
የሐርቡን ሜዳ ግን ሲያወራ ለሰው፣
«ሰማንያ ነዳኋት!» ነበረ የሚለው።

ያ ሰማንያ ለካ በእንድሪስ ስሌት ሰባ ነው፤
ዳገት ሊገዛበት ፍጥነቱን ሸጦ ነው።
ቀስቱ ነው የዋሸው? ወይስ እያወቀው?

«ማነው የገጠመው?» ብዬ ጠየቅሁት፤
እጁን በናፍጣ አሸ፤ መልሱን ግን አጣሁት።

አመሻሽ፣ ሐርቡ ላይ፣ እስከ ጥግ ረገጥኳት።
ሰባ ነበር። አውቃለሁ። ካርቶኑ ኪሴ ውስጥ ነው።
«ስንት ገባች?» አለች እማዬ በር ላይ ቆማ።
«ሰማንያ» አልኳት።