ሰዓትህን አውልቅ

ጦሳ ጉም ተከናንቦ ገና እንዳንቀላፋ፣
የካሜራውን ሦስት እግር ተሸክሜ ወጣሁ፤ ጣቴ በብርድ ጠፋ።
ሙዚየሙ ጠርቶኛል፤ «የታሪክ ቀን» ነው ዛሬ፣
«ያለፈውን ሰው ሁሉ አንሳልን» አሉኝ፤
ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ ተስማማሁ፣ ለሁለት ሺህ ብሬ።

ከጥዱ ሥር፣ ዘመን ልብሱን ይቀይራል፤
ባጃጁን በር ላይ አቁሞ አንዱ ደጃዝማች ይሆናል።
ፀጉር አስተካካዩ ሙሄ አጋፋሪ ተብሎ ተሹሟል፤
የኮምፒውተር አስተማሪዋ ዘሃራ ካባ ደርባ፣
ስልኳ ካባው ውስጥ ይጮኻል።
ጎፈሩ የአንበሳ አይደል፤ ከሰኞ ገበያ የመጣ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ነው፣
ጋሻው የመኪና ጎማ፣ ጎራዴው ቆርቆሮ፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ያው ነው።
ፈረሱ የኮምቦልቻ ጋሪ ጎታች፣ ሙያውን ያልዘነጋ፤
ፉከራው መሀል ቆመ፣
ተሳፋሪ የሚወርድ መስሎት፣ አንዲት አሮጊት እጇን ስትዘረጋ።

እኔ ሩቅ አይደለሁም። ዓይኔ ሌንስ ላይ ነው።
ሌንስ ይሉኝታ የለው።
ያየውን ያወጣል፦ በደጃዝማቹ እግር የላስቲክ ጫማ፣
ከአዳራሹ ጀርባ ሳህን፣ የመብራት ሽቦ፣ የቴሌ ማማ።

«ሙሄ! ሰዓትህን አውልቅ!»
«የማንን ሰዓት?»
«ያንተን!»
          ሳቁ።
«አጋፋሪ ሰዓት ካላሰረ፣ እንግዲያ ግብሩ መድረሱን በምን አወቁ?»
አወለቀና ለዘሃራ ሰጣት። ሳቃቸው ብርዱ ላይ ነጣ፤
ያን ጊዜ ጣቴ ሳላዘው ነካው፤
ከቀኑ ሥራ ሁሉ ነፍስ ያለው ያ ብቻ ወጣ።

አንድ ሰው ግን አለ፣ ልብስ ያልቀየረ፣
ከበሩ አጠገብ፣ ዱላ ተደግፎ፣ ቁልፍ ታጥቆ የቀረ።
«ጋሽ እንድሪስ፣ ካባ ተርፏል፤ ጋሻ ያዥ ይሁኑ» አልኳቸው በፈገግታ።
«እኔ ዘበኛ ነኝ» አሉ፣ «የዚሁ በር፤ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ጠዋት ማታ።
ማንን ልምሰል?»
          ዝም አልኩ። የሌንሱን ክዳን መለስኩ።
«ና» ብለው ቁልፉን አንቀጫቀጩ፤ ተከተልኩ።

ውስጡ ጨለም ይላል። የመስታወት ሣጥኖች ተደርድረዋል፣
አንዳንዱ ሞልቷል፤ አንዳንዱ ባዶውን ተዘግቷል።
«እዚህ ብር ያለበት ኮርቻ።
እዚህ ደግሞ የአንዲት ሴት ቀሚስ፤
ስሟ ያልተጻፈ፣ ወገቧ የልጅ ያህል ብቻ።
ጦርነቱ የመጣ ሰሞን ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፤
በሩ ግን ቁልፍ አልጠየቀም፤ በእግር ነበር የሚሰበር።»

ባትሪያቸውን አበሩ። ግድግዳው ላይ አንድ ክብ አለ፤
ጋሻ ተሰቅሎ በኖረበት ልክ፣
ፀሐይ ያልነካው፣ ቀለሙ እንዳለ።
ጋሻው የለም። ቦታው አለ።

ይህንን አነሳሁ። አንዴ። ፍላሽ ሳላበራ።
ጋሽ እንድሪስ ከጎኑ ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣
ቁልፎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ተራ በተራ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ ዘመኑን ማጽዳት ጀመርኩ፤
ሽቦውን ፋቅሁ፣ ማማውን ነቀልኩ፣
የደጃዝማቹን እግር በሣር ሸፈንኩ።
ጋሽ እንድሪስን አልነካሁም።
የሙሄ እጅ ላይ ደረስኩ። አጎላሁት። ሰዓቱ የለም፤
አንጓው ላይ ግን ክብ ቀርቷል፣ ፀሐይ ያልነካው፣ ፈዘዝ ያለ፤
ልፋቀው ብል እጄ አልታዘዘም።

ማክሰኞ ሙሄ መጣ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ፤
ትከሻው ላይ የደንበኛ ፀጉር እንዳለ ተቀመጠ፤
«ዝግጁ?» ስለው አገጩን አነሳ።
ደረቱን ሰጠ። ዓይኑ ከኔ ኋላ ትልቅ በር አየ፣
ግብር የሚገባ ሕዝብ አየ፣
ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ ለየ።
«ሙሄ፣ የቀበሌ እኮ ነው» ልለው ነበር።
ተውኩት።
ሰዓቱ እጁ ላይ ነው።
ጉርድ ፎቶ እጅ አያሳይም።