ናፍጣ ናፍጣ የሚል ወተት

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ሱሉልታ ጉም ለብሳ፣
ቶዮታዬ ስትስል ሰፈር ሲነሣሣ፣
ሃያ ሰባት ዓመት በዚሁ ሳል ቀስቅሼ፣
ተማሪ አስነሥቼ፣ ሕፃን አስለቅሼ፣
ማንም አልወቀሰኝ፤ ሰዓት አድርገውኝ፣
“ወተቱ ሄደ” እያሉ ካልጋቸው ሲሸኙኝ።

ዘንድሮ ሌንጂሳ፣ የዋቅጅራ ታናሽ፣
ፒካፕ ገዝቶ መጣ፤ ክላች የላት፣ ማርሽ።
ከሳሎኑ ሶኬት በመስኮት ጎትቶ፣
ጥቁር ወፍራም ገመድ ከጎኗ ሰክቶ፣
እንደ ጥጃ ጠብታ ስታድር ተኝታ፣
ሌሊት ትወጣለች ኮቴዋን አጥፍታ።

“ይቺ ደግሞ መኪና?” አልኩ በመጀመሪያ፣
“የሕፃን መጫወቻ፣ የሙሽራ ማዞሪያ!
አሥር ኩንታል ጭነት በምኗ ልትችለው?
መኪና ሲያቃስት ነው፣ ሲጨስ ነው የማምነው።”

ነሐሴ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከአዲሱ ገበያ፣
አሥር አሥር ኩንታል የላም መቀለቢያ፣
ፋጉሎ ጭነናል፤ ፊታችን ያ ዳገት፣
ኬላ የሚሉት፣ የስንቱ ራዲያተር የፈላበት።
በሁለተኛ ማርሽ፣ ኋላም በአንደኛ፣
አየሩ ሲሳሳ፣ እንደ አስም በሽተኛ፣
እሷ ስታጣጥር፣ ጥቁር ጭስ ስትተፋ፣
እኔም በወንበሬ ወደ ፊት ስገፋ፣
ሌንጂሳ በጎኔ እንደ ጥላ አለፈኝ፤
መስኮቱን ዝቅ አርጎ “ደኅና ነህ ጋሼ?” አለኝ።

ይኸ ነው ያመመኝ። መቀደሙ አይደለም፤
ዳገት ላይ ማውራቱ።
ሳይጮኽ።

ለካስ አትተነፍስም፤ አየር ቢሳሳባት
ምን ጎድሎባት ትድከም? ሳንባ የለባት።
“ቁልቁለቱ ደግሞ” አለኝ ኋላ፣ ፋጉሎ ስናራግፍ፣
“ዳገቱ ከበላው ጥቂት ይመልሳል።”
እኔ ከቁልቁለት ያተረፍኩት የለም፤
የፍሬን ሸራ ሽታ ብቻ።

መስከረም ሲጠባ መብራት ጠፋ ደግሞ፤
“ትራንስፎርመር ነው” አሉ። ሁለት ሌሊት ከርሞ፣
ሌንጂሳ በጨለማው፣ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ቆሞ፣
ሰሌዳዋን ያያል፤ ዘጠኝ ከመቶ ነው የቀራት ጠቅላላ፣
ኬላን አታወጣ። ሰባት ቢዶን ወተት ደጁ ላይ ሊብላላ።
ምንም ሳልናገር ቢዶኑን ጫንኩለት፤
ልስቅ ነበር፣ አዎ፤ ፊቱን አየሁና ተውኩለት።

መንገዱን በሙሉ እኔ ነበርኩ ንጉሥ፤
ሳሏ ዘፈን ሆኖኝ፣ ጭሷም እንደ ሞገስ።

አዲሱ ገበያ፣ እትዬ ትርሲት ቤት፣
የሌንጂሳን ቢዶን ከፍተው ሲቀምሱለት፣
ፊታቸው ጨምደድ አለ፤
“ይህን ልጅ ዛሬ ምን ነካው? ወተቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል!”
“የእኔስ?” አልኳቸው፣ እየሳቅኩ።
“የአንተማ ሁልጊዜ ነው፤ ለምደነዋል።”

ሃያ ሰባት ዓመት።
አንድ ሰው አልነገረኝም።

አሁን ሊገዙ ያሰቡ መጥተው ይጠይቁኛል፣
“ለእውነተኛ ሥራ ትሆናለች ወይ?” ብለው።
ዳገቱን አይቻለሁ፤ በዚያስ አልዋሽም።
ለመብራቱ ግን እኔ ዋስ አልሆንም።
ባትሪዋ ስንት ክረምት እንደሚያከርማት
እንደ በሬ ጥርሷን ከፍቼ አላየኋት።
የእኔንም ቁጠሩ፦ ከማደያው ደጃፍ፣
ናፍጣ መጣ ሲሉ፣ አልመጣም ሲሉ፣ በሰልፍ
ጋቢ ተከናንቤ ያነጋሁት ሌሊት
ስንት እንደሆነ እንጃ፤ ሚስቴን ጠይቋት።
እሷም ሃያ ሰባት ዓመት ትጫንና ትምጣ፤
ያኔ እናወራለን።

እንዲህ ነው የምላቸው፤ ኮፈኗን መታ መታ አድርጌ።
ማታ ግን ቢዶኑን ሦስቴ በኦሞ አጥቤ፣
እጄን አሸታለሁ፣ ካፍንጫዬ አቅርቤ።