ስምንት እጥፍ

አርባ ዓመት ሙሉ የኖርኩት፣ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባንዱ የሰዓት ሆድ ዕቃ ሳይ።
ጦሳ ከፒያሳ በላይ፣ ጉሙን ተከናንቦ ሲነሳ፣
እኔ የጠፋች ብሎን፣ ስፈልግ በዳሰሳ፣
ተራራ ጎረቤት እንዳለኝ
እስክረሳ።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ጦይባ፣ ከቦረና ሳይንት ደወለችልኝ፤
"የፓርክ ጠባቂ ሆኛለሁ፣ አጎቴ፣ መጥተህ እይልኝ፤
ቀይ ቀበሮ ወልዳለች፣ ከጅብራው ወዲያ፣ ጉድጓድ ውስጥ፤
ሰው ሲጠጋት ትሸሻለች፣ መነጽር ይዘህ ና" አለችኝ።
ጫካው ደንቆሮ ይባላል፤ ስሙ ነው እንጂ ደንቆሮ፣
ሣር ስትረግጥ ይሰማሃል፣ አለችኝ፣ አለው ሺ ጆሮ።

ሰኞ ገበያ ወረድኩ፣ ከሉባባ ሱቅ፣ ከሰልባጁ ተራ፤
ሦስት መነጽር አወጣች፣ በፌስታል ላይ ደርድራ፣
እንደ ሙሽራ ጥሎሽ፣ አንድ ሁለት ሦስት ቆጥራ።

የመጀመሪያው አሥራ ሁለት እጥፍ፣ ጣሳ የሚያህል፣ ግዙፍ፤
ሳነሳው የጦሳ ዛፍ፣ ዘሎ መጣ እስከ ደጃፍ።
ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዛፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣
ቅጠሉን ልይ ስል፣ ግንዱ ወደ ሰማይ ይወጣል፤
የሩቁን የሚያጎላ ሁሉ፣ የራስንም ጉድ ያጎላል።
አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው የወታደር፣ ቅጠልያ፣ ብዙ የቆየ፤
መስታወቱ ላይ ሰረዝ፣ በቁጥር የተለያየ።
አሻግሬ ባይ፣ ከጦሳ እግር ሥር ካለ ጓሮ
አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤
ሰረዙ ደረቷ ላይ ዋለ።
ዓይኔን ነቀልኩ።
"ምነው?" አለች ሉባባ፣ "ጥራቱ እኮ ወላሂ አንደኛ ነው።"
"ነው" አልኳት፣ "ነው፤
ግን አራስ ቀበሮ በዚህ አትታይም።"

ሦስተኛው ስምንት እጥፍ፣ አንገቱ ላይ ጭረት ያለው፣
ማንገቻው የጫማ ክር፣ ክዳን የሚሉት የሌለው።
ጠመዘዝኩና ጆሮዬን ጣልኩ፣ ልማድ ነው፣ ሰዓት ይመስል፤
ጎማውን አጠፍኩለት፣ ከራሴ መነጽር ጋር እንዲውል፤
ወደ ፀሐይ ገለበጥኩት፣ ሻጋታ የለው፣ ስንጥቅ የለው፤
ሁለቱ ዓይኖች ሲገጥሙ፣ አንድ ክብ ሆነ፣ ቁልጭ ያለው።
ጦሳም መጣ። ቀስ ብሎ፣
እንደ ዘመድ፣ ሳይንጠራራ፣
ባሕር ዛፉን ግንድ በግንድ
ይዞልኝ፣ ተራ በተራ።

"አራት ሺ" አለችኝ። "ሦስት" አልኩ። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት፣
"አንቺስ አይተሽበት ታውቂያለሽ?" ብዬ፣ ሞኙ፣ ሰጠኋት።
ስድስት ዓመት መደርደሪያ ላይ፣ አቧራውን ስትወለውል፣
አንድ ቀን ከዓይኗ አስጠግታው አታውቅም፣ የገዢ ዕቃ ነው ስትል።
ወደ ሰፈሯ አዞረችው።
ዝም። ረጅም ዝም።
"ውይ! የኛ ቆርቆሮ... ዝጉ! ምስማሩ ሳይቀር!
ያ ልጅ ደግሞ ጣራ ላይ ምን ይሠራል? ትምህርት ቤት አልነበር?"
አወረደችው። ክሩን ግን አንገቷ ላይ አጠለቀች፤
"ለካ ይሄን ያህል ያሳያል" አለች፣
"አምስት ሺ።"

አራት ተኩል ከፈልኩ፣ ከስንት ምልጃ በኋላ።
ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ መናኸሪያ ቆሜያለሁ፣ ከሻንጣዬ ኋላ፣
የመካነ ሰላም መኪና ስጠብቅ።
መነጽሩን አነሳሁ። ጦሳ የለም፣ መንገድ የለም፣
ረዳቱ ሲጣራ ድምፁ እንጂ መልኩ የለም፤
ያየሁት ጉም ብቻ ነው፣ ነጭ፣ እርጥብ፣ ጠርዝ አልባ፣
ስምንት እጥፍ ቀርቦኝ፣ ቅንድቤ ሥር ሲገባ።
"በደንብ ያሳያል?" አለኝ፣ አጠገቤ የቆመ ሰው።
"በደንብ" አልኩት።
አልዋሸሁም።