ስላይድ ቁጥር አርባ ሦስት

ከሰቃ ያመጡት ፈድሉ ሰባት ሞልቶታል፤
መንጋጋው አብጦ አንድ ዓይኑን ጋርዶታል።
«ጥርስ ነው» ትላለች ሙፊዳ እናቱ፣
ጅማ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከጠዋቱ።

በሌንሱ ስር ሴሎች፣ አረፋ የበሳሳቸው፣
ሲከፋፈሉ እንጂ ሲያርፉ አላየኋቸው።
ቫይረሱ ድሮ ነው፤ በምራቅ፣ በጉርሻ፣
ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያገኘው መሸሻ።
ትንሽ ፕሮቲን ልኮ፣ የሰውነት ድምፅ ሰርቆ፣
«አትሙት፣ ተባዛ» አለው ጆሮው ስር ተጣብቆ።

መጽሐፉ «ምናልባት» ይላል፤ ወባም አለች፤
ሙፊዳ «ምናልባት»ን በምን ጆሮ ትሰማለች?

«ትንሽ ሞት ጎድሎት ነው ልጅሽ የታመመው»፦
ይህን በየትኛው አፌ ነው የምላት?
ወንበር ስቤ ብቻ «ተቀመጪ» አልኳት።