ከመቶ ሃምሳ ቃል ያላነሰ

ኑኩስ ላይ መሽቷል፤ ነፋሱ ዛሬም ጨው ጭኗል፣
መስኮቱን ብዘጋም ሾልኮ ጠረጴዛዬን ሸፍኗል።
በጣቴ ጠረግ ባደርገው ነጭ ሆነ ጫፉ፣
ዐሥራ አንድ ደብተሮች ለእርማት ተሰለፉ።

ሳርሰንባይ እባላለሁ፤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣
በሳምንት ሦስት ማታ ተፈታኝ አሠለጥናለሁ፤
ለፋርማሲስት፣ ለነርስ፣ ለመንገድ መሐንዲስ፣
ፈተናው ሳይደርስ ገና ሻንጣ ለገዛ አዲስ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሠንጠረዥ ነው፣ ወይ ግራፍ፣
ያየኸውን ጻፍ እንጂ ያሰብከውን አትጻፍ።
«ወጣ» በል፣ «ወረደ» በል፣ «በጥቂቱ ዋዠቀ»፣
አስተያየት የጨመረ ነጥቡን አስነጠቀ።
«እኔ» የሚል ቃል አይግባ፤ ለምን ብለህ አትጠይቅ፣
ፈታኙ አያውቅህም፣ አንተም እሱን አታውቅ።
ማሰብ የሚፈቀደው በሁለተኛው ነው፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ፣
«አንዳንዶች ይላሉ» ብሎ መጀመር፣ «ቢሆንም» ብሎ መገልበጥ።

ሰባት ዓመት ይህን አልኩ፣ ሰባት ዓመት ሰሙኝ፣
ያለፉት ካልጋሪ በረዶ ላይ ቆመው ፎቶ ላኩልኝ፤
የወደቁት ገበያ ላይ ድንገት ያዩኝ እንደሆን፣
ሐብሐብ ያንኳኳሉ አቀርቅረው፣ ሊሰሙ መብሰል አለመብሰሉን።

የዛሬው ግራፍ ካሮጌ መጽሐፍ ተቀዳ፣
«የአንድ ሐይቅ የውኃ ከፍታ» ይላል፤ ስም የለው፣ እንደ ባዳ።
ከስድሳ እስከ ሁለት ሺህ፣ በያሥር ዓመቱ ነጥብ፣
ቁልቁል የሚሄድ መስመር፣ ዐይን እንጂ አይፈልግ ልብ።

ዐሥሩ እንዳልኳቸው ጻፉ፦ «በአጠቃላይ ቀንሷል»፣
«በመጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ በፍጥነት ወርዷል»።
ለስምንቱ ስድስት ተኩል፣ ለሁለቱ ሰባት ሰጠሁ፣
ሻዬን ሳልቀምሰው መጨረሻው ደብተር ላይ መጣሁ።

የፔሪዛት ነው። ቀን ቀን ፋርማሲ ትሠራለች፣
የሐኪም ጽሕፈት ስትፈታ ዐይኗን ያደከመች።
የራሷ ፊደል ግን ቀጥ ያለ፣ እንደ መድኃኒት መደርደሪያ፣
ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርስ፣ ሳትወጣ ከመመሪያ፦

«በሰማንያዎቹ መስመሩ ክፉኛ ወርዷል።
አያቴ ውኃው በራቀ ቁጥር ጀልባውን እየጎተተ
አራት ጊዜ ቦታ ቀየረ።
በአምስተኛው ችካሉን ብቻ ተሸክሞ ሄደ፤
ማታ ችካሉን ተሸክሞ ተመለሰ።
ግራፉ ይህን አያሳይም።
በአጠቃላይ፣ የወረደው ውኃው ብቻ አይደለም።»

ቀዩን ብዕር አነሣሁ፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣
«አያቴ» የሚለውን ልሠርዝ ቃሉ ላይ ቆመ ዐይኔ።

እኔም የሞይናቅ ልጅ ነኝ። ዓሣ ፋብሪካ ነበረች እናቴ።
ባሕሩ ከሄደም ወዲያ ዓሣው በባቡር መጣ፣
ከማናውቀው ውቅያኖስ በረዶ ሆኖ የወጣ።
እናቴ በቆርቆሮ አሸገችው። አስተያየት አልሰጠችም።
አባቴ አሸዋ ላይ ለቀረች መርከብ
በየወሩ ዘይት ይቀይራል፣ ለምን ብሎ ሳያስብ።

ለማስተርሱ ሰባት ትሻለች፤ በስድስት ተኩል በር አይከፈት፣
ሚዛኑ ቁጥር ይመዝናል፤ ችካል አይገባም ከዚያ ቤት።
ሠረዝኩት። ግን በቀጭኑ፣ ከሥር እንዲነበብ ትቼ፣
የተወሳሰበ መረብ እንደሚፈታ ሰው፣ ክር እንዳይበጠስ ፈርቼ።

ከግርጌው ጻፍኩ፦
«ሰዋስው መልካም። ‹ክፉኛ› አስተያየት ነው፤ ‹በከፍተኛ መጠን› በይ።
በፈተናው ቀን ሐይቁን ብቻ ጻፊ።
ችካሉን ግን ለእኔ ጨርሺልኝ፣ በራሳችን ቋንቋ፤
የቃል ገደብ የለውም።»

ከዚያ የወጥ ቤቱን ሰዓት ሃያ ደቂቃ ላይ አኖርኩ፣
ያንኑ ግራፍ ዘርግቼ እስቲ እኔም ብዬ ሞከርኩ።
ጨዉ መስታወቱን ይቧጥጣል።
ሰዓቱ ጮኸ። ቆጠርኩ።

«ውኃው ነበረ። ውኃው ሄደ።»

አራት ቃል።
መቶ አርባ ስድስት ይቀረኛል።